መብራት ሲጠፋ የማይረሳ ሜሞሪ፦ ኦፕቴን ምኑን ሳተ?

ነገሩ የሆነው ጎብዬ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው። የዱቤ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያዛወርኩለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን መብራት ድርግም አለና ገና ያልተቀመጠው የጠዋቱ ዱቤ በሙሉ ጠፋ። አጎቴ አልተቆጣም፤ አሮጌ ደብተሩን ከመደርደሪያ አወረደና «ይሄ እኮ መብራት አይፈልግም» አለኝ።

ለምን ጠፋ? ራም መረጃን የሚይዘው ጥቃቅን ካፓሲተሮች ውስጥ በተጠራቀመ ቻርጅ ነው። ቻርጁ ስለሚያፈስ ብዙውን ጊዜ በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ አለበት፤ ኃይል ከተቋረጠ አለቀ። ዲስክ አይረሳም፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ኢንቴልና ማይክሮን እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቁት ቴክኖሎጂ ሁለቱን ሊያስታርቅ ነበር። በ2019 ኦፕቴን በሚል ስም፣ ራም በሚሰካበት ቦታ የሚገባና በአንድ ካርድ እስከ 512 ጊጋባይት የሚይዝ ሜሞሪ ሆኖ ወጣ። በ2022 ግን ኢንቴል ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ።

ብዙዎች ዋጋውን ይወቅሳሉ። የእኔ ትችት ዲዛይኑ ላይ ነው። ሜሞሪው አይረሳም፤ ከፊቱ ያለው የፕሮሰሰሩ ካሽ ግን ይረሳል። ካሹ ደግሞ መረጃን ወደ ሜሞሪ የሚያወርደው የግድ ፕሮግራሙ በጻፈበት ቅደም ተከተል አይደለም። ስለዚህ «41 ዱቤ አለ» የሚለው ቁጥር ቀድሞ ይወርድና 41ኛው ዱቤ ራሱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። መብራት ሲመለስ የምታገኙት የሚዋሽ መዝገብ ነው፤ ይሄ ከባዶ መዝገብ ይብሳል። የቱ መቼ ይውረድ፣ የቱ ይቅደም የሚለው ሸክም ፕሮግራመሩ ላይ ወደቀ። ካሹንም የሚያድነው መፍትሔ ዘግይቶ መጣ፤ እሱም ካሹ እስኪራገፍ የሚያቆይ መጠባበቂያ ኃይል ያለው ሰርቨር ይፈልጋል። ጣሪያው ለማያፈስ ቤት የተሠራ ዣንጥላ በሉት።

ለእኛ የሚቀርበው ትንሹ ኤፍራም ነው። የቆቦ ጊራናን የመስኖ ጉድጓዶች አስቡ። ፓምፑ የሠራበትን ጊዜ በየደቂቃው እንመዝግብ ብንል፣ አንድ ቦታ ላይ 100 ሺህ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ቺፕ በ70 ቀን ገደማ ያልቃል። ኤፍራም ከትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይጻፍበታል። የሚይዘው ጥቂት ቢሆንም ለቆጣሪ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ ግን እዚህም አይቀርም፦ መጀመሪያ አዲሱ ቁጥር፣ ቀጥሎ «ተጠናቋል» የሚለው ምልክት።

የዘርፉ ጽሑፎች ፍጥነትን በሚያሳዩ ግራፎች የተሞሉ ናቸው። እኔንም ጨምሮ የላብ ሰዎች ልንጠየቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ በሥራ መሃል ሶኬቱን ስንት ጊዜ ነቅላችሁ ፈተናችሁት? አጎቴ ደብተሩን የሚያስቀምጠው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ነው።