የምርት ስም ሰዋስው፦ ከ«አይፎን» እስከ «ቲቪኤስ ባጃጅ»

በኤፕሪል 2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በትዊተር ላይ አንድ የሰዋስው ክርክር ተነሣ። የተከራከሩት የቋንቋ መምህራን አልነበሩም። በጊዜው የአፕል የዓለም አቀፍ ግብይት ኃላፊ የነበሩት ፊል ሺለር የኩባንያቸውን የምርት ስሞች በብዙ ቁጥር መጥራት ፈጽሞ እንደማያስፈልግ ጻፉ። እንደ እርሳቸው ከሆነ «ሦስት ማኪንቶሽ አለኝ» ወይም «ሦስት ማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች አሉኝ» ማለት ይቻላል፤ የብዙ ቁጥር ምልክቱን በስሙ ላይ መለጠፍ ግን ስሕተት ነው። ለማስረጃም በእንግሊዝኛ አንድም ሆነ ብዙ ሲሆን መልኩን የማይለውጠውን «አጋዘን» የሚል ቃል ጠቀሱ። አንባቢው ሳቀ፣ ተሳለቀ፣ ተከራከረ። ሺለር ግን ከራሳቸው ያፈለቁት ነገር አልነበረም፤ የኩባንያዎች የሕግ ክፍል ለአሥርት ዓመታት ሲደጋግመው የኖረውን ደንብ ነው ለአደባባይ ያወጡት።

የዚህ ደንብ ምንጭ ፍርሃት ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ የንግድ ምልክት ጥበቃ የሚያገኘው የዕቃውን ምንጭ፣ ማለትም አምራቹን እስካመለከተ ድረስ ነው። ሕዝቡ ስሙን የዕቃው ዓይነት መጠሪያ ካደረገው ባለቤትነቱ ያከትማል። በሰዋስው ቋንቋ ሲነገር የተፀውኦ ስም የነበረው የወል ስም ይሆናል ማለት ነው። በ1921 ዳኛ ለርንድ ሃንድ የባየርን «አስፕሪን» በሁለት ከፍለው ፈረዱ፤ ለሐኪሙና ለመድኃኒት ቀማሚው ስሙ አሁንም የባየር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ለተራው ገዢ ግን የክኒኑ ስም ሆኗል። ይህ ፍርድ በአሜሪካ ሲጸና በጀርመንና በካናዳ «አስፕሪን» እስከ ዛሬ የባየር ንብረት ነው። በ1950 ደግሞ የኦቲስ «ኤስካሌተር» ከመዝገብ ተሰረዘ። በኦቲስ ላይ ዋናው ማስረጃ የራሱ የኦቲስ ማስታወቂያ ነበር፤ ኩባንያው «ኤስካሌተር»ን ማንም ባለቤት ከሌለው «ኤሌቬተር» ጎን እንደ ተራ ቃል ደርድሮ ጽፎት ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የሕግ ባለሙያዎች አንድ የማያወላዳ ትእዛዝ አወጡ፦ የንግድ ምልክት ቅጽል ነው፤ ስምም ግስም አይደለም። ከኋላው ምንጊዜም የዕቃውን መጠሪያ ያስከትል። ሌጎ ልጆች «ሌጎዎች» እንዳይሉና «የሌጎ ጡቦች» እንዲሉ በካታሎጎቹ ላይ ለመነ። አዶቤ ምስል «ፎቶሾፕ ተደረገ» አትበሉ፣ «በአዶቤ ፎቶሾፕ ሶፍትዌር ተሻሻለ» በሉ ሲል መመሪያ ጻፈ። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በታወቀው የባንድ ኤይድ የማስታወቂያ ዜማ ውስጥ «ብራንድ» የምትል ቃል ሰነቀረ፤ ዜማው ቢሰናከልም ስሙ ይጠበቃል ብሎ። ቬልክሮ በ2017 ጠበቆች የሚዘፍኑበት ቪዲዮ አውጥቶ ሕዝቡ የዕቃውን ተራ ስም እንዲለምድ በቀልድ ተማጸነ።

ይህን ደንብ የሰዋስው ሰው ሲመረምረው ጉድለቱ ወዲያው ይታየዋል። «ቶዮታ መኪና» በሚለው ሐረግ ውስጥ «ቶዮታ» ሌላ ስም የሚገልጽ ስም እንጂ ቅጽል አይደለም። ቅጽል ይነጻጸራል፤ «ከዚያኛው ይልቅ ይኼኛው ረጅም ነው» ይባላል፤ «ከዚያኛው ይልቅ ይኼኛው ቶዮታ ነው» የሚል ግን የለም። ስለዚህ ጠበቆቹ «ቅጽል» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ቃሉ ክፍል ሳይሆን ሐረጉ ውስጥ ስለሚይዘው ቦታ ነው፤ ስሙ ገላጭ ይሁን፣ የሐረጉ መሪ አይሁን ነው የሚሉት። ይህን እንኳ ራሳቸው ኩባንያዎቹ አያከብሩትም። «ኮካ ኮላ ጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ከኋላው «ለስላሳ መጠጥ» የሚል ጭራ የለውም፤ ቢኖረው ማንም አያስተውለውም ነበር።

በኩባንያው ሕንፃ ውስጥ ግን፣ ከሕግ ክፍሉ ሁለት በር እልፍ ብሎ፣ ሌላ ፍላጎት ያለው ክፍል ተቀምጧል። የግብይት ሰው ምርቱን ከዕቃነት አውጥቶ ወደ ሰውነት ማስጠጋት ይፈልጋል። ሰው በስሙ ይጠራል፤ እንግሊዝኛም ለሰው ስም «ዘ» ወይም «ኤ» የሚሉትን መስተአምሮች አይጨምርም። ስቲቭ ጆብስ በጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ስልኩን ሲያስተዋውቁ «አይፎን» ብለው ጠሩት፤ የኩባንያው ማስታወቂያም ከዚያ በኋላ ልክ ስለ አንድ ጓደኛ እንደሚያወራ ያለ «ዘ» ይጠራው ጀመር። በዚያው ዕለት ኩባንያው ከራሱ ስም «ኮምፒውተር» የሚለውን አውልቆ ጥሎ አፕል ብቻ ሆነ። በ2004 «ዘፌስቡክ» ተብሎ የተወለደው ድረ ገጽ ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ በ200,000 ዶላር አዲስ አድራሻ ገዝቶ «ዘ»ን አስወግዷል። የኮሌጅ የፎቶ መዝገብ የሚያስመስለው ያ ንኡስ ቃል ሲወድቅ ስሙ ራሱን ችሎ ቆመ።

ነገር ግን የግብይት ክፍሉ እንደ ሕግ ክፍሉ አንድ ወጥ ደንብ የለውም። አፕል ራሱ በ2012 ሦስተኛውን ትውልድ አይፓድ ያለ ቁጥር «ዘ ኒው አይፓድ» ብሎ አቀረበው። «አዲሱ» የሚል መጠሪያ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ተተኪው ሲወጣ «አዲሱ» የትኛው እንደሆነ ለሻጩም ለገዢውም ግራ ሆነ። ቶዮታ በበኩሉ በ2011 ሺለር የከለከሉትን ነገር በደስታ አደረገው። «ፕሪየስ» የተባለችው መኪናው በብዙ ቁጥር ምን ትባል ሲል ሕዝቡን ድምፅ አሰጠ፤ ላቲን የሚመስለው «ፕሪአይ» አሸነፈ። የቶዮታ ጠበቆች በመመሪያ ሊከለክሉት የሚገባውን ጥያቄ የቶዮታ ማስታወቂያ ሠራተኞች ወደ ጨዋታ ለወጡት።

ግጭቱ ጎልቶ የሚታየው በግሱ ላይ ነው። የማይክሮሶፍቱ ስቲቭ ባልመር በ2009 የፍለጋ ሞተራቸውን «ቢንግ»ን ሲያስተዋውቁ ስሙ ወደ ግስነት የመለወጥ አቅም እንዳለው በተስፋ ተናገሩ። ተፎካካሪያቸው ጉግል ግን ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ2006 የኦክስፎርድና የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ስሙን በግስነት በመዘገቡበት ዓመት፣ ተጠቃሚዎች ግሱን በጉግል ለሚደረግ ፍለጋ ብቻ እንዲጠቀሙበት ጠይቆ ነበር። አንዱ የሚመኘው ሌላውን ያስጨንቃል። ጉግል በ2013 ስዊድን ድረስ ዘልቋል። የአገሪቱ የቋንቋ ምክር ቤት «በፍለጋ የማይገኝ» ለማለት ከስሙ የተበጀ ቃል በአዳዲስ ቃላት ዝርዝሩ ላይ አስፍሮ ነበር፤ ኩባንያው ፍቺው በጉግል ፍለጋ ብቻ እንዲወሰን ሲጠይቅ ምክር ቤቱ ፍቺውን ከማሻሻል ይልቅ ቃሉን ከዝርዝሩ አውጥቶ ተቃውሞውን ገለጸ።

ፍርድ ቤት ግን ከጠበቆቹ መመሪያ ይልቅ ለቋንቋው ባሕርይ የቀረበ መልስ ሰጥቷል። አንድ ሰው «ጉግል» የሚል ቃል የያዙ 763 የኢንተርኔት አድራሻዎችን አስመዝግቦ ሲወሰዱበት፣ ስሙ ግስ ስለሆነ ባለቤት የለውም ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 አልተቀበለውም። አንድ ስም ግስ መሆኑ ብቻውን ከባለቤቱ አያላቅቀውም፤ መጠየቅ ያለበት ሕዝቡ ቃሉን ሲሰማ አንድ ኩባንያ ይታየዋል ወይስ የፍለጋ ሞተሮች ሁሉ የሚለው ነው። ደንቡ እንግዲህ ግዴታ አይደለም ማለት ነው፤ የጣሰው ስም አልሞተም።

የኩባንያ ሰዋስው ከእንግሊዝኛ ሲወጣ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ጀርመንኛ ጾታ የሌለው ስም አያውቅም፤ «ኑቴላ» ወንድ ነው፣ ሴት ነው ወይስ ግዑዝ የሚለው ክርክር የቁርስ ጠረጴዛ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። አምራቹ ፌሬሮ ስሙ የፈጠራ ቃል ስለሆነ ማንም የወደደውን መስተአምር ይጠቀም ብሎ ራሱን ነጻ አወጣ።

አማርኛ ከሁለቱም በተለየ መንገድ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ጆሮ የሚኮረኩረው የአፕል አነጋገር በአማርኛ ተራ ነገር ነው። «አይፎን ገዛ»፣ «ሁለት አይፎን ይዞ መጣ» የሚል ሰው የማንንም መመሪያ አላነበበም፤ ቋንቋው ያልተወሰነ ስምን ያለ ምልክት ይተዋል፣ ከቁጥር በኋላም የብዙ ምልክትን አያስገድድም። የሺለር ደንብ አማርኛ ውስጥ ሲገባ ደንብነቱን ያጣል፤ ከእርሱ ጋር ምርቱን እንደ ሰው የማቅረቡ ብልሃትም ይጠፋል፣ ምክንያቱም «ወንበር ገዛ» እና «አይፎን ገዛ» በቅርጽ አንድ ናቸውና።

አማርኛ የምርትን ስም የሚይዘው በጭራው ነው። ስልኩ አንዴ ከታወቀ «አይፎኑ» ይሆናል፣ ባለቤቱ ሲናገር «አይፎኔ»። የሰው ስም «ከበደን» ሲባል ተሳቢውን «ን» ይቀበላል፤ «ከበደው» ተብሎ የውስንነት ምልክት ግን አይወስድም። የምርት ስም ሁለቱንም ይወስዳል። ስለዚህ የግብይት ሰው ሊያስመስለው የሚፈልገው የሰው ስምነት በአማርኛ በአንዲት ፊደል ይጋለጣል። ጾታም ይጨመርበታል፤ ብዙውን ጊዜ ትንሿ መኪና «ቪትዟ» ስትባል ትልቁ የጭነት መኪና «ሲኖትራኩ» ይባላል። አምራቾቹ ስለዚህ የተጠየቁት ነገር የለም።

በግስ በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እንግሊዝኛ ስሙን ራሱን ያረባዋል። አማርኛ ግን የባዕድ ስምን ከሥሩ ፈልቅቆ ማርባት ስለሚከብደው «ማድረግ»ን ይጠራል፦ «ጉግል አድርገው»፣ «ፎቶሾፕ ተደርጓል»። የሚረባው ረዳቱ ግስ ነው፤ ስሙ ሳይነካ ይቆማል። የአዶቤ ጠበቆች በእንግሊዝኛ የሚፈሩት ቦታ በአማርኛ ከሁሉ የተሻለ መጠለያ ነው።

ታዲያ በአማርኛ ስም መቼ ነው ከባለቤቱ እጅ የሚወጣው? ቅጥያ ብቻውን አይነግረንም፤ «ቶዮታው» ስንል አሁንም ቶዮታ ነው። «ኦሞ» እና «ሃይላንድ» የተሻለ ምስክር ናቸው። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሊገዛ የሄደ ልጅ ኦሞ ተልኮ ሌላ ስም የታተመበት ፓኬት ይዞ ይመለሳል፤ የላከውም አይቆጣም። «ሃይላንድ» ቀድሞ የታወቀ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ባዶ ፕላስቲኩም ሃይላንድ ነው፣ ጠላ ቢሞላበትም ጋዝ ቢቀዳበትም።

ከሁሉ ግልጹ ማስረጃ ግን «ባጃጅ» ነው። ስሙ የሕንዱ ባጃጅ ኦቶ መሥራች ቤተሰብ ስም ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ሁሉ ባጃጅ ሆኗል፤ ተፎካካሪው ሕንዳዊ ኩባንያ ቲቪኤስ የሠራው እንኳ «ቲቪኤስ ባጃጅ» ተብሎ ይሸጣል። ይህ ሐረግ የጠበቆቹን ደንብ ገልብጦ ያሳያል። በአማርኛ ገላጭ ይቀድማል፣ መሪ ስም ይከተላል። ምንጩን የሚያመለክተው ቲቪኤስ በገላጩ ቦታ ተቀምጧል፤ ባጃጅ በመሪው ቦታ ላይ ዓይነቱን ይጠራል። ለኩባንያው ይህ ከማንኛውም ግስ የከፋ ነው፤ ለቋንቋው ግን ግልጽ ምደባ ነው።

ገላጭ ቦታ መያዝም ቢሆን ዋስትና እንደማይሰጥ ኢትዮጵያ ራሷ በንግድ ምልክት አመልካችነቷ አይታለች። መንግሥት በ2005 «ይርጋጨፌ»፣ «ሐረር» እና «ሲዳሞ»ን በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር «ሐረር»ንና «ሲዳሞ»ን ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል የሚል ነበር ክርክሩ። «ሲዳሞ ቡና» የጠበቆች መመሪያ የሚጠይቀው ቅርጽ ሁሉ አለው፦ ስሙ ይቀድማል፣ የዕቃው መጠሪያ ይከተላል። እንዲያም ሆኖ የወል ስም ነህ ተባለ። ስታርባክስም «ሲዳሞ» ያለበትን አንድ የምርት ስም በራሱ ስም ለማስመዝገብ በ2004 አመልክቶ ነበር። ክርክሩ የተፈታው ኢትዮጵያ ገበሬዎቿንና የቡናውን መነሻ ይዛ በመሟገቷና በጁን 2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት በመፈራረሟ እንጂ በሐረጉ አቀማመጥ አልነበረም።

ከጉግል ግስነትና ከሲዳሞ ገላጭነት አንድ ነገር ይወጣል፦ የኩባንያዎች ሰዋስው ለስም ጥበቃ አስፈላጊም በቂም አይደለም። ለአማርኛ ተናጋሪ ገበያ ይበልጥ የሚጠቅመው የተፎካካሪን ስም በምርቱ ስም ፊት አስቀምጦ መፈተሽ ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ «ቴሌብር» በሜይ 2021 ሥራ ጀመረ፤ ሰው «በቴሌብር ላክልኝ» ይላል፣ በመስተዋድድ ይዞ በግሱ ዙሪያ ያዞረዋል። በ2023 ተፎካካሪው ኤምፔሳ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን «የኤምፔሳ ቴሌብር» የሚል ሐረግ አልተፈጠረም፤ ላኪው ከሁለቱ አንዱን በስሙ ይጠራል። በዚህ ፈተና ቴሌብር ገና የተፀውኦ ስም ነው፤ ባጃጅ ግን አይደለም።