የመድረክ ቃልና የቪዲዮ ካሜራ ጆሮ

በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩትን የመድረክ ሥራዎቻችንን ለመሔስ የሚነሣ ሰው ገና ከጅምሩ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ይኸውም ሥራውን ማየት ይችላል፤ መስማት ግን አይችልም። የተዋናዩ ፊት ይታያል፤ አልባሳቱ ይታያል፤ መብራቱም ከነጉድለቱ ይታያል። ቃሉ ግን በአዳራሹ ማስተጋባት፣ በተመልካች ሳልና በወንበር ሲጥሲጥታ ተውጦ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ ይደርሰናል። ስለ ትወናና ስለ ዝግጅት ብዙ ተብሏል፤ ቃሉን ተቀብሎ የሚያቆየው ማይክሮፎን ግን «የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጸሐፊ ጉዳዩ የደራሲውም ነው ባይ ነው።

አማርኛ ትርጉምን በመጥበቅና በመላላት የሚለይ ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነው። በአንድ ተውኔት ውስጥ «ነገ ይመታል» የሚል ቃል አለ እንበል። «መ» እና «ታ» ከላሉ ሰውየው ሌላውን ሊመታ ነው፤ ከጠበቁ ግን ተመቺው እሱ ራሱ ነው። የታሪኩ አካሄድ በሙሉ በዚህች ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። የጠበቀውን «ታ» ከላላው የሚለየው በዋናነት ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ተጣብቃ አየሩን አግታ የምትቆይባት ቅጽበት ናት፤ በሌላ አነጋገር አንዲት አጭር ዝምታ ናት። ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው የቀደመ ድምፅ ይህችን ዝምታ ሲሞላት ጥብቀቱ ይደበዝዛል። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ፣ ተመልካቹ የተውኔቱን ጽሑፍ ቢያገላብጥም አይረዳውም። ኅብረ ቃሉ ብዙ ጊዜ በዚሁ መጥበቅና መላላት ላይ የሚመሠረተው የሰምና ወርቅ ግጥም ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ሶኒ ካሜራንና መቅረጫን በአንድ አካል አጣምሮ «ቤታሙቪ» የተባለውን መሣሪያ ለተራው ገዢ ካቀረበበት ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምስሉ በየጊዜው ጠርቷል። አብሮ የተሠራው ማይክሮፎን ግን ዛሬም ካሜራው በቆመበት ይቆማል፤ ካሜራው ደግሞ የሚቆመው ከአዳራሹ ኋላ ነው። ሌንሱ ፊትን ያቀርባል፤ ድምፅን አያቀርብም። በገላጣ ሥፍራ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ የተዋናዩ ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ ማስተጋባቱ እምብዛም አይቀንስም። በዚህ ላይ ድምፅን በራሱ የሚያመጣጥነው ሥርዓት ይጨመራል። ተዋናዩ ዝም ሲል መሣሪያው ድምፅ ያነሰ መስሎት መቀበያውን ከፍ ያደርጋል፤ ደራሲው አስቦ ያስቀመጠው ዝምታም በሳልና በእሽታ ይሞላል። በገና ሲቀረጽ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ እንዚራው የሚያንዘረዝረው የ10ሩ አውታር ድምፅ እየከሰመ ሲሄድ በቦታው የአዳራሹ ጉምጉምታ ያብጣል።

እንግዲህ የውጭ ማይክሮፎን ለመግዛት የሚያስብ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ወይም የኪነት ቡድን አስቀድሞ የካሜራውን ጎን ይመልከት። የማይክሮፎን መሰኪያ የሌላቸው ርካሽ ካሜራዎች ብዙ ናቸው፤ ለነዚህ የሚሻለው ድምፁን በትንሽ መቅረጫ ለብቻው ወስዶ፣ በጭብጨባ ምልክት ኋላ ከምስሉ ጋር ማገጣጠም ነው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያና ድምፅን በእጅ የመወሰን አማራጭ ያለው ካሜራ ከተገኘ ከማናቸውም ጌጥ ይበልጣል።

በካሜራው አናት ላይ የሚሰካው ረጅሙ «ሻትጋን» በብዙዎች ዘንድ የሩቁን ያቀርባል ተብሎ ይታመናል። አያቀርብም። ከጎን የሚመጣውን ይቀንሳል፤ በተዘጋ አዳራሽ ግን ማስተጋባቱ ከፊትም ስለሚመጣ ጥቅሙ ይሳሳል። (ነፋስ በሌለበት አዳራሽ ባለጠጉሩን የነፋስ መከላከያ አልብሰው በኩራት የሚያቆሙት አሉ!) አንድ ገጣሚ ብቻውን ሲያነብ ደረት ላይ የሚሰካው ትንሽ ማይክሮፎን ይመረጣል፤ ከጋቢና ከነጠላ ጋር እንዳይፋተግ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ለተውኔት የዚህ ጸሐፊ ምርጫ በመድረኩ ጠርዝ ወለል ላይ የሚቀመጡ ሁለት ጠፍጣፋ ማይክሮፎኖች ናቸው፤ የእግር ኮቴ ቢያስገቡም ቃሉን ከቅርብ ይይዙታልና። ከመድረክ እስከ ካሜራ የሚዘረጋው ረጅም ሽቦ ባለሦስት መስመሩ ኤክስ ኤል አር ቢሆን ከመብራቱ መስመር የሚመጣውን ጉምታ ይከላከላል። ሆኖም ከካሜራው ትንሽ መሰኪያ ጋር የሚያገናኘው ማስማሚያ ሣጥን ያስፈልገዋል፤ 48 ቮልት የሚፈልግ ማይክሮፎንም ከዚያች መሰኪያ ኃይሉን አያገኝም።

ከመግዛት በፊት አንድ ተዋናይ ወደ አዳራሹ ይወሰድ፤ «ይመታል»ን አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ፣ ቅደም ተከተሉን እያለዋወጠ ይበል። መራጩ ለመድረኩ ጀርባውን ሰጥቶ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። ሁለቱን መለየት ከተሳነው ማይክሮፎኑን ወደ ተዋናዩ ያስጠጋ፤ ተጠግቶም ካልተለየ ለባለ ሱቁ ይመልሰው።