ኳሱ ካለፈ በኋላ፤ ስለ አንድ መጽሐፍና ስለ አንድ ሲኒማ የቀረበ ትችት

በአሜሪካ አገር ኮሌጅ ገብቶ ኳስ ሲጫወት የቈየ ጐልማሳ፣ ጨዋታው ባለቀ ጊዜ ዲግሪ ሳይዝ የወጣ እንደ ሆነ፣ ወይም ወንጀል ሠርቶ የተፈረደበት እንደ ሆነ፣ የኋላ ኑሮው ምን ይመስላል? ይህን ጥያቄ ካነሡት ሥራዎች መካከል ሁለቱ ተለይተው ሊመረመሩ ይገባቸዋል። አንደኛው ዴክስተር ማንሊ ከጋዜጠኛው ከቶም ፍሬንድ ጋራ ሆኖ በ1992 ያሳተመው «ዴክስተርን ማስተማር» የተባለው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ወንድማማቾቹ ጄፍና ማይክል ዚምባሊስት ያዘጋጁት፣ በ2013 በቴሌቪዥን የታየው «የያንግስታውን ልጆች» የተባለው ሲኒማ ነው። ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ኳስ ሲባልም በእግር የሚመታው ሳይሆን፣ አሜሪካኖች እንቍላል የመሰለውን ኳስ በክንዳቸው አቅፈው እየሮጡና እየተጋፉ የሚጫወቱት ነው።

ማንሊ የተወለደው በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ነው። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ከተጫወተ በኋላ በ1981 የዋሺንግተን ቡድን ወሰደው፤ ከዚህም ቡድን ጋራ ሁለት ጊዜ የአገሩን ታላቅ ዋንጫ ተሸለመ። ሥራው የተቃራኒውን ወገን ኳስ ወርዋሪ እያሳደደ መጣል ነበረ፤ በዚህም ሥራ በጊዜው የሚስተካከሉት ጥቂቶች ነበሩ። ይህ ሰው ግን ማንበብ አይችልም ነበረ። ጓደኞቹ በሚለብሱበት ክፍል «ዎል ስትሪት ጆርናል» የተባለውን የነጋዴዎች ጋዜጣ ይዞ ይገባና፣ ገልጦ እየተመለከተ የሚያነብ ሰው ይመስል ነበረ። በ1985 በኅዳር ወር የቡድኑ መሪ ተጫዋች ጆ ታይስማን ብዙ ሕዝብ እያየው እግሩ ተሰበረና ሥራው በአንድ ሌሊት አለቀ። ማንሊም በእርሱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ በምን እንደሚኖር አስቦ ደነገጠ፤ ከዚህም የተነሣ በዋሺንግተን ወዳለው ላብ ስኩል ወደ ተባለው ትምህርት ቤት ሄደ። በተፈተነም ጊዜ ንባቡ ከ2ኛ ክፍል ልጅ ንባብ የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። በ1989 በግንቦት ወር በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንኡስ ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ኮሌጅ አራት ዓመት ተቀምጦ ማንበብ ሳይችል መውጣቱን እያለቀሰ ተናገረ።

የመጽሐፉ ክብደት ከኳሱ ወሬ ላይ ሳይሆን ከዚህ ኀፍረት ላይ ነው። አንድ ግዙፍ ሰው፣ ብዙዎች የሚፈሩት፣ በአፉ የሚፎክር፣ አንዲት ወረቀት በፊቱ ስትዘረጋ ግን ልቡ የሚርድ። ፉከራው መሸፈኛ መሆኑን አንባቢ ወዲያው ይረዳል። ታሪኩ በማንሊ አፍ ተነግሮ በፍሬንድ ብዕር መጻፉም ነውር አይሆንበትም፤ ዘግይቶ ፊደል የቈጠረ ሰው ጸሓፊ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? እንዲያውም በገዛ እጁ እንደ ጻፈው አስመስሎ ከማቅረብ ይህ ይሻላል።

ጕድለቱ ሌላ ነው። መጽሐፉ የኑዛዜ መልክ ይዟል፤ ተናዛዡም አንድ ብቻ ነው። ማንሊ የገዛ ኀጢአቱን ይቈጥራል፤ ኮኬይን መውሰዱንና በዚሁ ምክንያት በ1989 ከጨዋታ መታገዱን አይደብቅም። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ባለ ዕዳ አለ። ፊደል ያስቈጠረ የኔታ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ልጅ ፊደሉን በቃሉ ይዞ በዜማ ቢወርደው መምህሩን አያታልልም፤ መምህሩ ስንደዶውን አንሥቶ ከመካከል አንዱን ፊደል የጠቈመበት እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቅበታል። በኦክላሆማ በአራት ዓመት ውስጥ ስንደዶ ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ወይም አንሥቶ፣ አይቶ፣ ዝም ብሏል። ነገሩ በወጣ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሰጡት መልስ፣ ሰውየው ከእኛ የፈለገውን አግኝቷል የሚሉ ይኖራሉ፤ ችሎታው ዳብሮ፣ ለትልቁ ጨዋታ ታይቶ፣ ተቀጥሯልና፤ ምናልባትም ውለታ ውለንለት ይሆናል የሚል ነበረ። እንግዲህ ይህ መልስ ከማንሊ ዕንባ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው አይደለምን? መጽሐፉ ግን ከዚህ ይልቅ በዕንባው ላይ ይቈያል።

በዚህ ረገድ ከደራሲዎች ይልቅ ጠበቆች የተሻለ ነገር ተናግረዋል። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ደካማ ተማሪዎችን ያስተምሩ የነበሩት ወይዘሮ ጃን ኬምፕ፣ ትምህርታቸውን የወደቁ ኳስ ተጫዋቾች እንዳለፉ ተቈጥረው መዛወራቸውን ስለ ተቃወሙ ከሥራ ተባረሩ። ከሰውም በ1986 በአትላንታ ፍርድ ቤት ረቱ፤ የተፈረደላቸው ገንዘብ በመጀመሪያ ከ2.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበረ፤ በኋላ ተቀንሶ ከ1 ሚሊዮን ጥቂት በለጠ። በዚሁ ሙግት የዩኒቨርሲቲው ወገን ጠበቃ፣ ከዚህ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልናወጣ ባንችል እንኳ ማንበብና መጻፍ ካስተማርነው ጨዋታው ሲያበቃ ቈሻሻ ጠራጊ በመሆን ፈንታ ፖስታ ቤት ሊቀጠር ይችላል የሚል ቃል ተናገረ። ጠበቃው ይህን ያለው ሊያዋርድ አስቦ አይደለም፤ ደንበኛውን ለማዳን ነው፤ ስለዚህም ቃሉ ከኑዛዜ ይልቅ የታመነ ነው። ዩኒቨርሲቲ ራሱ በጠበቃው አፍ ለተጫዋቹ ያዘጋጀለትን የኋላ ኑሮ እነሆ ተናገረ። ከሁለቱ ሥራዎች በማንኛቸውም ዘንድ እንደዚህ ያለ ግልጽ ቃል አይገኝም።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ለመረዳት የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር፣ ኤን ሲ ኤ ኤ የሚባለው፣ የቆመበትን መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ማኅበር ከ1951 እስከ 1987 የመሩት ዋልተር ባየርስ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለው ስም እንዴት እንደ ተፈጠረ ገልጸዋል። ሲጫወቱ የተጐዱት ልጆች እንደ ሠራተኛ ተቈጥረው ካሣ እንዳይጠይቁ የወጣ ስም ነው። በ1955 በኮሎራዶ ግዛት ሲጫወት ራሱን ተመትቶ የሞተ ተጫዋች ሚስት ካሣ ብትጠይቅ፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1957 ሳይፈቅድላት ቀረ። ስለዚህ ተጫዋቹ ሠራተኛ አይደለም፤ ደመወዙ ትምህርቱ ነው። ይህም ደመወዝ ከ1973 ጀምሮ በያመቱ የሚታደስ ሆነ፤ አሠልጣኙ ያልፈለገው ወይም አካሉ የተጐዳ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ሊያጣው ይችላል። ለብዙ ዓመት መስጠት እንደ ገና የተፈቀደው በ2012 ነው። እንግዲህ ማንሊ ፊደል ሳያውቅ መውጣቱ የትምህርት ውድቀት ብቻ አይደለም፤ ሠርቶ ያልተከፈለው ሰው መሆኑ ነው። ዲግሪው ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። ነገሩን በዚህ ዐይን ያየ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ፣ ባለ ዕዳው ተሰውሮ ሳለ አበዳሪው ይቅርታ ሲለምን ያገኘዋል።

የመጽሐፉም ማለቂያ ሌላ ችግር አለበት። ርእሱ ማንሊ እንደ ተማረ ይነግረናል፤ ታሪኩም ወድቆ የተነሣ ሰው ታሪክ ሆኖ ይዘጋል። ነገር ግን መጽሐፉ በወጣ በ3ኛው ዓመት፣ በ1995፣ በኮኬይን ምክንያት የአራት ዓመት እስራት ተፈርዶበት ወህኒ ገባ፤ ከአንድ ዓመት በላይም ታሰረ። ደራሲ ነቢይ አይደለምና የሚመጣውን ባለማወቁ አይነቀፍም። የሚነቀፈው የታሪኩ መልክ ነው። ማንበብ መቻሉን እንደ ፍጻሜ አድርጎ ማቅረብ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ ዲግሪ የሌለው፣ ከጕልበቱ በቀር ሌላ ሙያ ያልተማረ፣ ጕልበቱም እያለቀ ያለ፣ ነገ ጠዋት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ ማለፍ ነው። አንባቢ ሊያውቀው የሚፈልገው ያንን ጠዋት ነበረ።

«የያንግስታውን ልጆች» ከዚህ ይልቅ ሰፋ ያለ ሥራ ነው። ሰውን ብቻ ሳይሆን ከተማንም ያሳያል። ያንግስታውን በኦሃዮ ግዛት ያለች የብረት ከተማ ነበረች፤ በ1977 በመስከረም ወር ትልቁ የብረት ፋብሪካ መዝጋቱ ከተነገረ ጀምሮ ሥራዋ ተሟጠጠ። ከዚህች ከተማ የወጣው ሞሪስ ክላሬት በ2002 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ተጫወተ፤ በ2003 መጀመሪያ በማያሚ ላይ የተገኘውን ድልና የአገሩን አንደኛነት ያስገኘው የመጨረሻው ነጥብ የእርሱ ነበረ። አሠልጣኙ ጂም ትሬስልም አስቀድሞ በያንግስታውን ያሠለጠኑ ናቸውና፣ ሲኒማው የሁለቱን ታሪክ እንደ መንታ አያይዞ ይነግራል። ከዚያ ጨዋታ በፊት ልጁ ለሞተ ወዳጁ ቀብር ወደ አገሩ ለመሄድ ፈልጎ ሳይሄድ ቀረ፤ እርሱ ጥፋቱን በዩኒቨርሲቲው ሹማምት ላይ አደረገ። ስታዲየሙን የሞላ ልጅ በቲኬት ምክንያት መቅረቱ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ክላሬት ያልተገባ ጥቅም ተቀብሏል፣ ለመርማሪዎችም አልታመነም ተብሎ ታገደ። ትልቁ የባለ ደመወዞች ማኅበር ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከጨረሰ ሦስት ዓመት ያልሞላውን አይቀበልም። በ2004 ከሶ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታ፤ በይግባኝ ግን ተረታ፤ ፍርዱን የጻፉትም በኋላ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወጡት ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው። እንደዚህ ሁኖ ኮሌጁም ትልቁም ጨዋታ ዘጉበትና ሁለት ዓመት ያህል ያለ ሥራ ቈየ። በ2005 የዴንቨር ቡድን ቢመርጠውም አንድ ጨዋታ ሳይጫወት አሰናበተው። በ2006 ሰዎችን በጦር መሣሪያ አስፈራርቶ በመዝረፍ ተከሰሰ፤ በዚያው ዓመትም የተጐረሰ ጠመንጃ በመኪና ይዞ ተገኘ፤ ሰባት ዓመት ተኩል ተፈርዶበት ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ በ2010 ወጣ።

ሲኒማው ይህን ሁሉ ሲያሳይ ርኅራኄው መልካም ነው። ዳሩ ግን የተዘረፉት ሰዎች ድምፅ ጥቂት ነው፤ የተጫዋቹን መከራ ለማስረዳት የሌላውን ሰው ፍርሃት ማሳነስ አይገባም። ትልቁ ስሕተት ግን መንታነቱ ነው። አሠልጣኙ በ2011 ተጫዋቾቻቸው ዕቃ ሸጠው ጥቅም ማግኘታቸውን እያወቁ በመደበቃቸው ከሥራ ለቀቁ፤ ሲኒማውም የልጁን መውደቅና የእርሳቸውን መውደቅ ጐን ለጐን ያኖራል። ሁለቱ መውደቅ ግን አንድ አይደለም። አሠልጣኙ ዲግሪ ነበራቸውና የሚይዙት አላጡም። በ2012 በአክረን ዩኒቨርሲቲ ሹመት አገኙ፤ ሲኒማው በታየ በዓመቱም፣ በ2014፣ የያንግስታውን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚህም እስከ 2023 ቈዩ፤ በ2025 ደግሞ የኦሃዮ ምክትል አገረ ገዥ ሆኑ። ክላሬት ከወህኒ ወጥቶ ለሱሰኞችና ለአእምሮ ሕሙማን የሚረዳ ድርጅት በከተማው አቋቋመ፤ ይህ የሚያስመሰግነው ነው። ሆኖም ከወህኒ የወጣ፣ ዲግሪም ስምም የሌለው ሌላ ሰው ይህን ሊያደርግ ይችላልን? ሲኒማው ይህን አልጠየቀም።

ክላሬት በወህኒ ሳለ ብዙ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ። ኮሌጅ ሊያደርግለት የሚገባውን ወህኒ አደረገለት ማለት ቀላል ነው፤ ሲኒማ የሚሠሩ ሰዎችም ይህን የመሰለ ተቃርኖ ይወዳሉ። እውነቱ ግን ይጐመዝዛል። በ1994 በወጣው የወንጀል ሕግ፣ ድኻ ተማሪዎች ኮሌጅ የሚማሩበት ፔል የተባለው የመንግሥት ርዳታ ለእስረኞች ተከልክሎ ነበረ፤ የተመለሰላቸው በ2023 ነው። ማንሊ በ1995፣ ክላሬት በ2006 ሲታሰሩ ሁለቱም የገቡበት ወህኒ ይህ በር የተዘጋበት ነበረ። ያነበበ በራሱ ጥረት አነበበ። ስለዚህ የአንዱን ሰው ትጋት እያደነቁ የተዘጋውን በር ሳያሳዩ ማለፍ፣ ሌላው እስረኛ ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይማር እንደ ቀረ ማስመሰል ነው።

የሁለቱም ሥራዎች ዋና ጕድለት ምናልባት ከዚህ የሚወጣ ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስማቸው ስለ ታወቀ ሰዎች ነው። ኮሌጅ ኳስ ከሚጫወቱት ከ100 ሰዎች ወደ ትልቁ ጨዋታ የሚገቡት ሁለት እንኳ አይሞሉም። የቀረው ሁሉ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ከእነዚህ መካከል ዲግሪ ሳይዝ የወጣው፣ ጕልበቱ የተጐዳው፣ አንድ ጊዜ ተከሶ ለሥራ ባመለከተ ቍጥር ስለ ክሱ የሚጠየቀው ሰው፣ ስለ እርሱ መጽሐፍ ቢጻፍ የሚገዛ የለም ተብሎ ይተዋል። ማንሊ እንኳ የተጻፈለት ዝነኛ ስለ ነበረ ነው፤ ማንበብ የማይችል፣ ዋንጫም ያልያዘ ሰው ዕንባ በምክር ቤት አይሰማም።

አሁን ጊዜው ተለውጧል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በ2025 ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ማካፈል እንዲችል ሆነ። ገንዘቡ የተገባ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ደመወዝ ደመወዝ ተባለ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው በገንዘብ ከከፈለ በኋላ የትምህርቱን ዕዳ እንደ ተከፈለ እንዳይቈጥረው ያሠጋል፤ ቀድሞ የነበረው ማመካኛ፣ ሰውየው የፈለገውን አግኝቷል የሚለው፣ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ለመናገር ይመቻል። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር የሚጽፍ ሰው ከተጫዋቹ ኑዛዜ ባይጀምር ይሻለዋል። የክፍሉን መዝገብ አውጥቶ፣ ውጤቱን ማን እንደ ሞላ፣ ማን እንደ ፈረመበት፣ ያ መምህር ዛሬ የት እንዳለ ቢጠይቅ፣ ማንሊም ክላሬትም ያልነገሩንን ታሪክ ያገኛል።