ሲላበሱ ላይ ያልነበረው መጽሐፍ

የማስተርስ ትምህርቴን በሽግግር ፍትሕና ሰብዓዊ መብት የጀመርኩ ሰሞን ከተሰጡን የቤት ሥራዎች አንዱ ሠንጠረዥ መሙላት ነበር። በጎን የአገሮች ስም፣ ከላይ አራት ርዕሶች፤ ክስ፣ እውነት ማፈላለግ፣ ካሳ፣ የተቋማት ማሻሻያ። ለአርጀንቲናና ለደቡብ አፍሪካ የተሰጠን ቦታ አልበቃ ብሎን ከወረቀቱ ጀርባ ጻፍን። ኢትዮጵያ ጋ ስንደርስ አንድ መስመር በቃ። ክስ አለ። እውነት ማፈላለግ የለም። ካሳ የለም። ከክፍሉ ያገሩ ልጅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተማሪው ወደኔ ዞሮ «ትክክል ነው?» አለኝ። ትክክል ነው አልኩት።

ማታ ክፍሌ ስገባ ትራሴ አጠገብ የተቀመጠውን መጽሐፍ አየሁና አፈርኩ። የሕይወት ተፈራ ትዝታ ነው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ «ታወር ኢን ዘ ስካይ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የወጣው፣ በኋላ በአማርኛ «ማማ በሰማይ» የሆነው። ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፤ ያላነበባችሁም የፍቅር ታሪክ ነው ሲባል ሰምታችኋል። የፍቅር ታሪክ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወራበት የፈለግኩት ያ ሠንጠረዥ ያልያዘውን ነገር ስለያዘ ነው።

መጀመሪያ «ክስ አለ» የሚለውን እንየው፤ ቀላል ነገር አይደለምና። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ታኅሣሥ ተከፈተ፣ ጥፋተኝነታቸው የተወሰነው በ1999 ታኅሣሥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ችሎቱ ሲጀመር የተወለደ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ደርሷል ማለት ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ተቀምጠው በሌሉበት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ2000 ግንቦት ደግሞ በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አለ። ክሱ የዘር ማጥፋት ነበር። እዚህ ላይ የውጭ ተማሪዎች ሁሌም ግራ ይጋባሉ፤ ኢሕአፓ ምን ዘር ነው? የተባበሩት መንግሥታት ኮንቬንሽን የሚጠብቀው ብሔርን፣ ጎሣን፣ ዘርንና ሃይማኖትን ነው፤ የፖለቲካ ቡድን የለበትም። የኛ የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ «ዘር ማጥፋት» የተባለ ነገር ተሻገሩና ተመልከቱት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሄግ ውስጥ በአንድ የደርግ ባለሥልጣን ላይ ዕድሜ ልክ ሲፈረድ የወንጀሉ ስም የጦር ወንጀል ነበር፤ ከዚያ በፊት በ2014 ዴንቨር ላይ የቀይ ሽብር እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው 22 ዓመት ሲታሰር ደግሞ የተከሰሰው ዋሽቶ ዜግነት አግኝቷል ተብሎ ነው። ሕግ እንደዚህ ነው። በእጁ ባለው ማንኪያ ነው የሚጨልፈው።

የዘር ማጥፋት ክስ ማንኪያ ሲሆን ምን ይጨልፋል? ቡድን። አንድ አጥፊ ቡድን፣ አንድ የተጠቃ ቡድን። ሟቹ የሚቆጠረው የዚያ ቡድን አባል ስለሆነ፣ ወይም ነው ስለተባለ ነው። ለፍርድ ቤት ይኼ ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። ሕይወት ተፈራ ግን የጻፈችው ይህ ማንኪያ ሲወጣ ድስቱ ውስጥ ስለቀረው ነው።

የትዝታው ልብ ጌታቸው ማሩ ነው። የምታፈቅረው ሰው፣ የኢሕአፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል፣ ፓርቲው ከተማ ውስጥ የጀመረውን የትጥቅ ትግል የተቃወመ። በ1969 ተገደለ። የገደለው ደርግ አይደለም፤ የራሱ ድርጅት ነው። እሷ ደግሞ የዚያ ድርጅት አባል ነች። ከዚያ ደርግ ያስራታል፣ ዓመታት እስር ቤት ታሳልፋለች። እንግዲህ ይህችን ሴት ከሠንጠረዡ የት እናስቀምጣት? ተጎጂ? አዎ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ወገን። በሌላው ላይ ጥይት የተኮሰ ድርጅት አባል? እሱም አዎ። የልዩ ዐቃቤ ሕጉ መዝገብ የእሷን እስር ይይዛል፤ የእሱን ሞት ግን የሚይዝበት ቦታ የለውም። የተጠቃው ቡድን የገደለው ሰው የማን ተጎጂ ነው?

መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ይኼን ጥያቄ እንደ ጥያቄ አለማንሳቱ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ አትደረድርም። የምትነግረን እንዴት እንደምታምን ነው። ማመን ምን ያህል ጣፋጭ እንደነበር፣ ስብሰባው፣ የድብቅ ስሙ፣ በራሪ ወረቀቱ፣ ከራስ የሚበልጥ ነገር ውስጥ መግባቱ። አንባቢው አብሯት ያምናል። ከዚያ ያው እምነት የምትወደውን ሰው ሲበላው አንባቢውም እጁ እንዳለበት ይሰማዋል። ስለ ግፍ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው ከዳር ሆኜ እንዳዝን ነው የሚፈቅድልኝ። ይህ መጽሐፍ ዳር አይሰጥም።

ድክመት የለውም ማለቴ አይደለም። ስለ ርዕዮተ ዓለም ክርክሮች የሚተርኩት ገጾች ይረዝማሉ፤ የማን አንጃ ምን አለ የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ዘልያለሁ፣ እውነቱን ልናገር። ከዚህ የከበደው ግን ሌላ ነው። ለጌታቸው የተሰጠው ፊት፣ ድምፅና ሳቅ በኢሕአፓ ጥይት ለወደቁት የመኢሶንና የቀበሌ ሰዎች አልተሰጠም። እነሱ ዜና ሆነው ያልፋሉ። በፍቅር መጽሐፍ ይኼ የሚጠበቅ ነው፣ የሚወዱትን ነው የሚያዩት። ግን ከዚያም ወገን ያፈቀረች ነበረች፤ እሷ አልጻፈችም።

ይኼ ነው ዋናው ቅሬታዬ፤ ቅሬታው ከጸሐፊዋ ጋር ሳይሆን ከመደርደሪያው ጋር ነው። በቀይ ሽብር ላይ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን አልነበረንም፤ የመጻሕፍት መደብር ነበረን። ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን በሦስት ቅጽ ጻፈ። የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው የነበሩት ባለሥልጣናት በ2003 ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ፣ በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ፣ ከዚያ እነሱም ጻፉ። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»። ሁሉም ተነበቡ፣ በየካፌው ተከራከርንባቸው። ግን መጽሐፍ መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። ደግሞም መደርደሪያው ላይ የሚደርሰው የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። የልጇን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈይ የተባለች እናት፣ ለቅሶ እንኳን እንዳትቀመጥ የተከለከለች፣ መጽሐፍ የላትም። ቢበዛ ሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ እንደዚህ ያሉ ወንጀሎች «በምሕረት» ወይም «በይቅርታ» አይታለፉም ይላል። በሕግ ቋንቋ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰፈር ውስጥ ግን ይቅርታ የሰው እግር ስትረግጥ የምትለው ነው፤ ምሕረት ከላይ የሚመጣ ነው፤ ሽማግሌ የሚያመጣው ደግሞ ዕርቅ ነው። ስለ ይቅርታ የሚያወራ ፔፐር በእንግሊዝኛ ስጽፍ አንድ ቃል ነበረኝ። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል የትኛውን እንዳልኩ ራሴም አላወቅኩም። ሲላበሱ ላይ ያልነበረው መጽሐፍ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ይኼን ሁሉ አሁን የማነሳው የመጽሐፍ ወር ስለሆነ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን በ2016 ሚያዝያ አጽድቋል። ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው የማስተርስ ተማሪዎች በሙሉ ቴሲሳቸው እዚያ ላይ ነው። ፕሮፖዛሎቹን አነባለሁ፣ እንዳርምላቸው የሚልኩልኝ አሉ። መጠይቁ ይመጣል፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ከዚያ ሁለት ሳጥን፤ ተጎጂ፣ አጥፊ። አንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ። የሚጠየቁት ሰዎች በጣም ቅርብ ከሆነ ጦርነት የወጡ ናቸው። ወንድሟ ተዋግቶ የሞተባት ሴት አለች፣ እራሱ ተዋግቶ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አለ። ሳጥኑን ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ መገመት አይከብድም። ተጎጂ የሚለውን ይመርጣሉ፤ ማንስ ቢሆን? ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ለዚያ ምልክት እንዲስማማ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሕይወት ተፈራ ዓይነት ታሪክ እንደዚህ ባለ መጠይቅ ውስጥ በጭራሽ አይነገርም። እሷ ራሷ ለመናገር ከሠላሳ ዓመት በላይና አንድ ሙሉ መጽሐፍ ፈጅቶባታል።

የኔ ቴሲስ ላይ ስለዚህ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ነበረኝ። አድቫይዘሬ ደግ ሰው ነበር፣ አንብቦት ወደደው፣ ከዚያ «ይኼ ዳታ አይደለም፣ ሥነ ጽሑፍ ነው» ብሎ ወደ መግቢያው እንዳዛውረው መከረኝ። አዛወርኩት። ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። ዲፌንድ ሳደርግ ከፈታኞቹ አንዷ ስለዚያች ሁለት ገጽ ተኩል ብቻ ነበር የጠየቀችኝ፤ ጌታቸውን የገደሉት ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ በየትኛው ሂደት ቢያልፉ ፍትሕ ነው ትያለሽ አለችኝ። ከሠንጠረዡ አራቱንም ርዕሶች በየተራ ዘረዘርኩላት። ጽፋ ያዘችው፣ አመስግናኝ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች።