«የምክር ክፍል» ወይስ «ዝግ ችሎት»? ስለ አንድ የፈረንሳይ ሕግ ስያሜ አተረጓጎም

አስተያየት እንድንሰጥበት በቀረበልን አንድ የሕግ ቃላት ረቂቅ ውስጥ፣ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ «ሻምብር ዲዩ ኮንሴይ» የሚለው ስያሜ በአንድ ገጽ «የምክር ክፍል»፣ በሌላው ገጽ ደግሞ «ምስጢራዊ ችሎት» ተብሎ ተተርጉሟል። አዘጋጁ በሌሎች ቃላት ላይ ያሳየው ጥንቃቄ የሚመሰገን ቢሆንም፣ እነዚህ ሁለት አቻዎች ግን አንባቢን ያሳስታሉ።

የፊተኛው ስሕተት ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው። «ኮንሴይ» እንደ አገባቡ ምክር፣ ምክር ቤት ወይም ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ስያሜው በመነሻው ዳኞች ለመመካከር ገለል የሚሉበትን ክፍል ያመለክት ነበር፤ ዛሬ በሥነ ሥርዓት ሕጉ የሚያመለክተው ሕዝብ ሳይገኝ ጉዳይ የሚሰማበትን ሥርዓት ነው። የፍቺ ክስ የቀረበባት ሴት በመጥሪያዋ ትርጉም ላይ «በምክር ክፍል ይቅረቡ» የሚል ብታነብና ሽማግሌ የሚያስታርቃት መስሏት ያለ ጠበቃ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል?

የኋለኛው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ በ436ኛ አንቀጹ የሚያስወጣው ሕዝቡን ብቻ ነው። ተከራካሪዎችና ጠበቆቻቸው በስፍራው ይገኛሉ፤ አንዱ የሌላውን ቃል ይሰማል። እንዲያውም የፍቺ ክርክር ሕዝብ በሌለበት ይሰማ እንጂ፣ በ1074ኛው አንቀጽ መሠረት ውሳኔው የሚሰጠው በይፋ ነው። በሕጉ ምስጢር የተባለው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ዳኞች ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት እርስ በርስ የሚያደርጉት ምክክር ነው (448ኛ አንቀጽ)። ረቂቁ «ምስጢር»ን ለችሎቱ ስለ ሰጠ ለዚህኛው የሚሆን ቃል አጥቶ «ውይይት» ብሎ አልፎታል።

«ዝግ ችሎት» የሚለው በአገራችን የታወቀ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ20ኛ አንቀጹ ይጠቀምበታል። ሆኖም ያ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ተከሰሱ ሰዎች መብት ስለሆነ፣ ይበልጥ የሚቀርበው ፈረንሳዮች በወንጀል ችሎት «ኡዊ ክሎ» ለሚሉት፣ ቃል በቃል «በር ተዘግቶ» ለሚባለው ነው። የፍትሐ ብሔሩ ከዚህ ይለያል፤ በ435ኛው አንቀጽ ዳኛው ሕዝቡን ሊያስወጣ የሚችለው የግል ሕይወት እንዳይጋለጥ ወይም የችሎቱን ጸጥታ የሚያውክ ሁከት ሲነሣ ብቻ ሳይሆን፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲጠይቁም ጭምር ነው። ተቃራኒ ወገን የሌለበት አቤቱታም የሚታየው በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ «ዝግ ክርክር» የሚለው ጭራሹን አይሆንም፤ ክርክር የለማ!

ስለዚህ ሁለቱ ስያሜዎች በአንድ ጽሑፍ ሲገናኙ «ዝግ ችሎት» ለወንጀሉ ተትቶ፣ ለፍትሐ ብሔሩ «ሕዝብ የማይገኝበት ችሎት» እንዲባል እናሳስባለን። መርዘሙን አንክድም። ለብቻው ሲመጣ ግን «ዝግ ችሎት» ቢባል፣ ተከራካሪዎቹ እንደሚገቡ በግርጌ ማስታወሻ እስከ ተገለጸ ድረስ አንቃወምም።