ከፈገግታ በፊት መልስ

የደንበኛ አገልግሎት ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፊት ነው፤ ፈገግ በሉ፣ ሰላምታ አስቀድሙ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ ይባላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ቢሆንም በሙያው ያለን ሰዎች ቅደም ተከተሉን ያዛባነው ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለጉዳይን ይበልጥ የሚያስመርረው የሠራተኛው መኮሳተር ሳይሆን ምንም ሊወስንበት የማይችል መልስ ነው። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው ሊያውቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ የተቋረጠው እዚህ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ቅርንጫፍ? ልጠብቅ ወይስ ልሂድ? «ማዶ ያለው ቅርንጫፍ እየሠራ ነው፣ እዚያ ይሞክሩ» ብትለው ሠራተኛዋ ግማሽ ቀኑን ታተርፍለታለች። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡን» የሚለው ጨዋ ቃል ብቻውን ግን ወንበር ላይ አስቀምጦ ያስቀረዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ማንም ያላሠለጠነው የታክሲ ረዳት ነው። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው!» ሲል መድረሻውንና የጎደለውን ሰው ከመሳፈራችን በፊት ነግሮናል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከጠየቅነውም ይመልሳል። አነጋገሩ ሻካራ ሊሆን ይችላል፣ ተሳፋሪው ግን ይችለዋል። ጠብ የሚነሣው ረዳቱ ያለውን ሲያጥፍ ነው፤ መንገድ ላይ ታሪፍ ሲጨምር፣ ወይም ሜክሲኮ ብሎ ጭኖ አቆራርጦ ሲያወርድ። ሰው ሻካራ ቃልን ይቅር ይላል፤ ተስማምቶ የገባበት ነገር ከገባ በኋላ ሲለወጥበት ግን አይታገሥም። በምግብ ቤትም ያው ነው። ሜኑው ላይ 200 ብር የተጻፈ ምግብ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበትና በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲያርፍበት 253 ብር ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ያም ሆኖ ጭማሪው በሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሲጻፍ፣ አስተናጋጁ የቱንም ያህል ቢያጎነብስ ተመጋቢው ቅር ብሎት ይወጣል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ደንበኛን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ነው፣ ሰውም ይቀየማል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይቀየማል። ነገር ግን ዛሬ እንዳይቀየም «ነገ ይምጡ» የተባለ ሰው ነገም የታክሲ ከፍሎ፣ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ ያንኑ ሲሰማ ቅያሜው ይብሳል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ሥልጣን የለውም፣ ኃላፊው ስብሰባ መቼ እንደሚጨርስ እሱም አያውቅም፣ የሰውን ቁጣ የሚቀበለው ግን እሱ ነው። ይህን አልክድም፤ ክርክሬን የሚያጠናክረውም ይኸው ነው። መረጃ ያልተሰጠው ሠራተኛ እውነቱን ሊናገር አይችልም፣ ስለዚህ ጥፋቱን ከፊቱ ላይ ሳይሆን ከጀርባው መፈለግ አለብን። በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰቡ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም የትኛው ሰነድ እንደጎደለ ባለጉዳዩ በመጀመሪያ ቀን በአንድ ጊዜ ካልተነገረው፣ እንዲህ ያለው ማዕከልም ምልልሱን አያስቀርለትም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችና ለቡድን መሪዎች ነው። በር ከመከፈቱ በፊት ዛሬ የሚሠራውንና የማይሠራውን፣ ማን ቢሮ እንዳለና ማን እንደሌለ፣ የዘገየውም መቼ እንደሚደርስ ለመስኮት ሠራተኞቻችሁ ንገሯቸው፤ «ዛሬ አይሆንም» ለማለትም ፈቃድ ስጧቸው።