ደንበኛው የማይታይበት ኃጢአት፦ ዝሙት አዳሪነት በሕግ፣ በስብከትና በቅዱሳት መጻሕፍት

በአማርኛችን ሰውነቷን በገንዘብ ለምታቀርብ ሴት የተሰጡ ስሞች ብዙ ናቸው። ሴተኛ አዳሪ፣ ዝሙት አዳሪ፣ ጋለሞታ እንላለን፤ ከመድረክ የማይነገሩ ሌሎችም አሉ። ገንዘቡን ለሚከፍለው ወንድ ግን ለብቻው የተበጀ ስም የለንም። «ዘማዊ» እና «ሴሰኛ» የሚሉት ቃላት የዝሙትን ኃጢአት ሁሉ ይሸፍናሉ እንጂ ከፋዩን ለይተው አይጠቁሙም። ሲያስፈልገን «ደንበኛ» እንለዋለን። ከሱቅ ስኳር ለሚገዛውም፣ ፀጉሩን ለሚስተካከለውም የምንጠቀምበት ያው ቃል ነው።

ይህ አለመመጣጠን የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን ልንተወው እንችል ነበር። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ታሪክና በአገሮች ሕግ ውስጥም ያው ጉድለት ይታያል። ክርስቲያኖች ስለ ዝሙት አዳሪነት ባለፉት ዘመናት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ መልሶች ሰጥተዋል። አንደኛው መታገሥ፣ ሁለተኛው መጥረግ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለቱም መልሶች ሴቲቱን ብቻ በማየት እንደሚሳሳቱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ዓይናችንን ደጋግመው ወደ ወንዱ እንደሚመልሱ ማሳየት ነው።

«አስፈላጊ ክፋት» የተባለው ክርክር

የመጀመሪያው መልስ ታዋቂ ምንጭ አውግስጢኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ386፣ ገና ሳይጠመቅ፣ «ስለ ሥርዓት» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ዝሙት አዳሪዎች የተናቁና የረከሱ ቢሆኑም ከማኅበረሰቡ ቢወገዱ ፍትወት ሁሉን ያናውጣል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚሁ ጋር ገዳዩን የመንግሥት ቀጪ በምሳሌነት ጠቀሰ፤ ሥራው አስቀያሚ ቢሆንም በሥርዓት ባለች ከተማ ውስጥ ቦታ እንዳለው ገለጸ። ለአውግስጢኖስ ፍትሐዊ ለመሆን፣ በዚያ ስፍራ የያዘው ጉዳይ ክፋት በእግዚአብሔር መግቦት ውስጥ እንዴት ቦታ ሊያገኝ ይችላል የሚለው ነበር። ለከተማ አስተዳዳሪዎች የሕግ ረቂቅ ማዘጋጀቱ አልነበረም። ሆኖም ሐሳቡ ከእጁ ወጥቶ ረጅም መንገድ ተጓዘ። ቶማስ አኩዊናስ ገዢዎች አንዳንድ ክፋቶችን ሊታገሡ እንደሚችሉ ሲያስረዳ ጠቀሰው። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻም ብዙ የአውሮጳ ከተሞች በአስተዳደሩ ፈቃድ የሚሠሩ የዝሙት ቤቶች ነበሯቸው።

ክርክሩ በሦስት ነገሮች ይወድቃል። አንደኛ፣ የወንድን ፍትወት እንደ ጎርፍ ይቆጥረዋል፤ መውረጃ ቦይ ካልተበጀለት ቤት የሚያፈርስ የተፈጥሮ ኃይል ያደርገዋል። ጎርፍ ንስሓ አይገባም፤ ተጠያቂም አይሆንም። ኃጢአትን በተጣመመ ፈቃድ ውስጥ አጥብቆ የፈለገው የኋለኛው አውግስጢኖስ ራሱ ይህን ሥዕል ሊቀበል አይችልም። ሁለተኛ፣ የአንዳንድ ቤተሰቦችን ሰላም በሌሎች ቤተሰቦች ሴት ልጆች ይገዛል። የምትሠዋው የማን ልጅ ናት ብለን ብንጠይቅ መልሱ በየዘመኑ አንድ ነው፤ የድሀ፣ የባሪያ፣ የስደተኛ ልጅ ናት። ሦስተኛ፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለሴቲቱ የሚሆን ወንጌል የለም። ቦታዋ አስቀድሞ ተወስኗልና መዳኗ የከተማውን ሥርዓት የሚያናጋ ነገር ይሆናል።

ተሐድሶውና የመጥረግ ፈተና

ተሐድሶው ይህን ክርክር በቀጥታ ተቋቋመ። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1520 ለጀርመን ክርስቲያን መኳንንት በጻፈው ጥሪ፣ የተጠመቁ ሰዎች በሚኖሩባቸው ከተሞች ሕዝባዊ የዝሙት ቤቶች መፈቀዳቸውን አሳዛኝ ነገር አድርጎ አነሣው። ተሐድሶውን ከተቀበሉት ከተሞች አንዷ አውግስቡርግ እ.ኤ.አ. በ1532 ቤቱን ዘጋች። ይህ እውነተኛ ድል ነበር፤ ኃጢአትን በፈቃድ ወረቀት ማስተዳደር ክርስቲያናዊ ጥበብ አለመሆኑ ታወቀ። ነገር ግን ቤትን መዝጋትና ወደዚያ ቤት የሚሄደውን ሰው ለንስሓ መጥራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን የከተማ ምክር ቤት በአንድ ቀን ሊፈጽመው ይችላል። ሁለተኛው የመጋቢነት ሥራ ነው፤ ዕድሜ ልክ ይፈጃል።

የሁለቱን ልዩነት ጠንቅቃ የተረዳችው ጆሴፊን በትለር (1828–1906 እ.ኤ.አ.) ነበረች። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1864፣ በ1866 እና በ1869 «የተላላፊ በሽታዎች ሕጎች» የተባሉትን አወጣ። ዓላማቸው ወታደሮችንና መርከበኞችን ከአባላዘር በሽታ መጠበቅ ነበር። የጦር ሰፈር ባለባቸው ከተሞች ፖሊስ ዝሙት አዳሪ ናት ብሎ የጠረጠራትን ሴት ለግዳጅ የሕክምና ምርመራ ማቅረብ ቻለ። ታማ ከተገኘች በሆስፒታል ለወራት ትዘጋለች። ወታደሩ ግን አይመረመርም። እ.ኤ.አ. በ1871 ጉዳዩን ያጠናው የንግሥቲቱ ኮሚሽን ለዚህ ልዩነት ምክንያት ሰጥቷል፤ ሴቲቱ ለጥቅም የምታደርገው ነው፣ ወንዱ ግን የተፈጥሮ ግፊቱን ከሥርዓት ውጭ ያረካ ብቻ ነው አለ። ከአሥራ አምስት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ የ«ስለ ሥርዓት» ጎርፍ በመንግሥት ሰነድ ውስጥ ተመልሶ ፈሰሰ ማለት ነው።

በትለር የአንግሊካን ቄስ ሚስት ነበረች። በሊቨርፑል የድሆች ማደሪያ ውስጥ ሴቶችን ትጎበኝ ነበር፤ አንዳንዶቹንም ወደ ራሷ ቤት አስገብታ አስታማለች። ስለዚህ ክርክሯን ስትጀምር ስለማን እንደምትናገር ታውቃለች። ከ1869 ጀምሮ የሴቶችን ብሔራዊ ማኅበር እየመራች፣ ጨዋ ሴት በአደባባይ ልታነሣው አይገባም በሚባልበት ዘመን ጉዳዩን ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረች ተናገረች። ሕጎቹ በ1883 ታገዱ፤ በ1886 ተሻሩ።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስተምረው ከድሉ በኋላ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 የወጣው ሕግ ለፈቃደ ሥጋ ግንኙነት ስምምነት የሚፈቀደውን ዕድሜ ከ13 ወደ 16 ዓመት ከፍ አደረገ፤ ይህ መልካም ነበር። በዚያው ሕግ የዝሙት ቤቶችን በሚያስተዳድሩ ላይ የሚወሰደው እርምጃም ጠነከረ። ከበትለር ጋር የተሰለፉ ብዙ ክርስቲያኖች አሁን ቤቶቹን በማስዘጋት ዘመቻ ተጠመዱ፤ ሴቶቹም ከማደሪያቸው እየተባረሩ ወደ ጎዳና ወጡ። በትለር ሰዎችን በኃይል ጨዋ እናደርጋለን የሚሉትን የቀድሞ አጋሮቿን አስጠነቀቀች። ሴቲቱን ለወታደሩ ጤና ሲባል የሚያሥረውን ሕግ እንደተቃወመች ሁሉ፣ ለከተማው ንጽሕና ሲባል የሚያባርራትንም ተቃወመች። ወንጌላውያን ነን የምንል ሰዎች ከዚህች ሴት የምንወርሰው ይህን ሁለት ስለት ያለው ጥንቃቄ ነው።

የዛሬዎቹ ሕጎች

የዘመናችን ሕጎች በአጭሩ በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ሻጯም ገዢውም ወንጀለኞች ናቸው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራውን እንደ ሌላ ሥራ በውልና በመድን ውስጥ ለማስገባት ሞከረች፤ በ2017 ደግሞ የምዝገባ ግዴታ ጨመረች። ኒው ዚላንድ በ2003 ወንጀልነቱን አነሣች፤ ሴቲቱ የትኛውንም ደንበኛ እምቢ የማለት መብቷን በሕግ አጸናች፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ የውጭ አገር ሴቶች ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ናቸው። ስዊድን ከ1999 ጀምሮ መሸጥን ሳይሆን መግዛትን ወንጀል አደረገች፤ ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና አየርላንድ ተከትለዋታል።

ብዙ ክርስቲያን ጸሐፊዎች የስዊድንን መንገድ ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም። ከአራቱ ውስጥ ወንዱን ከጥላው አውጥቶ ለብቻው ተጠያቂ ያደረገ ይህ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የስዊድን መንግሥት ግምገማ የጎዳና ላይ ዝሙት አዳሪነት በግማሽ እንደቀነሰ ገልጿል። ተቺዎቹ ደግሞ ንግዱ ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት ተሸሸገ፣ ለሴቶቹም አደጋው ጨመረ ይላሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ገዢውን የሚቀጣ ሕግ ፖሊስ ሴቲቱን ተከታትሎ ደንበኛዋን የሚይዝበት፣ አከራይ ደግሞ ፈርቶ የሚያስወጣት ከሆነ፣ የ1885ቱ ስሕተት በአዲስ ልብስ ተመልሷል። ሕጉን የምንመዝንበት ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው፦ ወንዱ ይታያልን? ሴቲቱስ መውጫ በር አላትን?

በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አዋቂዋን ሴት ሰውነቷን ስለሸጠች አይቀጣም። አንቀጽ 634 የሚቀጣው በሌላው ሰው ዝሙት አዳሪነት የሚተዳደረውን፣ የሚያቃጥረውንና የዝሙት ቤት የሚይዘውን ነው። አንቀጽ 635 ሴቶችንና ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ለዚህ ተግባር የሚያዘዋውረውን ይመለከታል፤ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ የሰዎች መነገድ ወንጀል በስፋት ተደንግጓል። ስለዚህ በሕጋችን ውስጥ ሴቲቱ አለች፣ ደላላውና ባለቤቱም አሉ። ለአዋቂ ሴት የሚከፍለው አዋቂ ወንድ ግን በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ የለም። ስብከታችንም ከሕጉ ብዙ አይርቅም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ዓይን

በዘፍጥረት 38 ውስጥ ይሁዳ በመንገድ ዳር ለተቀመጠችው ሴት ጠቦት ሊሰጥ ይዋዋላል፤ ማኅተሙንና በትሩንም መያዣ ይሰጣል። መያዣውን ማስመለስ ሲያቅተው የሚያስጨንቀው መሳቂያ መሆን ነው (ቁ. 23)። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ምራቱ በዝሙት መፅነሷን ሲሰማ ግን በእሳት እንድትቃጠል ይፈርዳል (ቁ. 24)። ከፋዩና ፈራጁ አንድ ሰው ነው። ተራኪው ታሪኩን ያዋቀረው ማኅተሙና በትሩ በችሎቱ ፊት እንዲቀርቡ ነው፤ ይሁዳም ትዕማር ከእርሱ ይልቅ ጻድቅ መሆኗን በገዛ አፉ እስኪመሰክር ድረስ አይለቀውም።

ሆሴዕ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በ4፥14 እግዚአብሔር ሴት ልጆች ስላመነዘሩ እንደማይቀጣቸው ይናገራል፤ ምክንያቱም ወንዶቹ ራሳቸው ከጋለሞቶች ጋር ፈቀቅ ይላሉ። ይህ የሴቶቹን ኃጢአት ኃጢአት አይደለም ማለት አይደለም። ፍርድ በሴቶቹ ላይ ብቻ እንዲወርድ የሚጠብቁትን ወንዶች ግን አፋቸውን ያዘጋል። አሞጽ 2፥7 አባትና ልጅ ወደ አንዲት ሴት መሄዳቸውን ድሀን ከመርገጥ ኃጢአት ጎን ያስቀምጠዋል።

ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12–20 የሚገሥጸው በጉባኤው ውስጥ የተቀመጡትን፣ ከጋለሞታ ጋር የሚተባበሩትን ነው። በዚያ ዘመን በግሪክና በሮም ከተሞች ከነበሩት ዝሙት አዳሪዎች ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፤ ጳውሎስ በዚህ ክፍል በእነርሱ ላይ አንድም ቃል አይሰነዝርም። የክርስቶስ ብልት የሆነውን አካሉን ወደዚያ የወሰደውን ሰው ግን በትንሣኤውና በተከፈለለት ዋጋ ፊት ያቆመዋል። ደንበኛው በመጨረሻ ስም አገኘ፤ ለራሱ ያልሆነ፣ በዋጋ የተገዛ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ምሳሌ 7 ይነሣል፤ ወጣቱን የምታስተው ሴት በዚያ አለችና። ነገር ግን ምዕራፉ የሚናገረው ለልጁ ነው፤ ጥበብን እንዲይዝና እግሩን እንዲመልስ የሚታዘዘው እርሱ ነው። በተጨማሪም ሴቲቱ ባሏ መንገድ የሄደባት ባለትዳር ናት (ቁ. 19)፤ በድህነት የተገፋችን ሴት ሁሉ በእርሷ መልክ መሳል ጽሑፉን ማጣመም ነው።

ከዚህ የባሰው መግደላዊት ማርያም ላይ የምንፈጽመው ነው። ሉቃስ 8፥2 ሰባት አጋንንት እንደወጡላት ይናገራል፤ ዝሙት አዳሪ ነበረች የሚል ቃል በአራቱም ወንጌላት ውስጥ የለም። በሉቃስ 7 ካለችው ኃጢአተኛ ሴት ጋር አንድ ያደረጋት የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ591 በሰጠው ስብከት ነው። የሉቃስ 7ቷ ሴት እንኳ ኃጢአቷ ምን እንደሆነ አልተነገረም። መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የሚል መርሕ ያለን ሰዎች በዚህ ጉዳይ ሳናውቀው የጎርጎርዮስ ደቀ መዛሙርት ሆነናል። የሴትን ያለፈ ሕይወት ሳይጻፍ እንኳ እንሞላዋለን፤ የይሁዳን ግን ተጽፎም እናልፈዋለን።

ለመጋቢዎች

ሴቲቱ ንስሓ አያስፈልጋትም ማለታችን አይደለም። ጌታ በማቴዎስ 21፥31–32 ቀራጮችና ጋለሞቶች ወደ መንግሥቱ እንደሚቀድሙ የተናገረው ዮሐንስን ስላመኑት ነው፤ እምነታቸውና መመለሳቸው እውነተኛ ነበር። ረዓብም በዕብራውያን 11 የተቆጠረችው በእምነቷ ነው። ጥያቄው ወንጌሉን ለማን እንሰብካለን የሚል ነው፤ መልሱም ለሁለቱም ነው።

ይህ በአገልግሎት ውስጥ ተጨባጭ ነገሮችን ይጠይቃል። ስለ ዝሙት የሚሰብክ መጋቢ ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ላለችው ሴት ሳይሆን ወንበር ላይ ለተቀመጠው፣ ለመስክ ሥራ ሲወጣ በሆቴል ለሚያድረው ምእመን ያቅርብ። የቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዓት ያረገዘችውን ልጅ ከኅብረት የሚለይ፣ የከፈለውን ሽማግሌ ግን በዝምታ የሚያልፍ ከሆነ የይሁዳ ችሎት ነው። ከዚህ ሕይወት የወጣች እኅትን ስሟንና ያለፈ ታሪኳን ይዘን በጉባኤ ፊት ማስመስከር ይቁም፤ ደንበኛዋ የነበረው ሰው በዚያው ጉባኤ ተቀምጦ «ሃሌ ሉያ» ሊል ይችላል፣ ማንም ግን ምስክርነት አይጠይቀውም። ድጋፋችንም የቤት ኪራይዋን፣ የልጇን ትምህርት ቤትና የደላላዋን ዕዳ የሚያውቅ ይሁን። ከገጠር ለቤት ሠራተኝነት የመጣችን ልጅ ያለ ደመወዝ ከቤቱ የሚያስወጣ ክርስቲያን ቤተሰብ፣ እርሷ በኋላ ለምትደርስበት ቦታ መንገዱን እንደጠረገ ይወቅ።

ስለ ሕጉ በሚደረግ ውይይት ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ሲኖራት ቅጣት ይጨመር ወይም ይቀነስ ከማለቷ በፊት እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ታንሣ። ከዚያ በፊት ግን በራሷ ችሎት ማኅተሙንና በትሩን አውጥታ የማን እንደሆኑ ትጠይቅ።